በምድር ቤት የተሠራ ሸክላ፦ ስለ ቦስተን የመጀመሪያ አልበም የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፤

ቦስተን የተባለው የአሜሪካ የሮክ ቡድን በራሱ ስም የሰየመውን የመጀመሪያ አልበሙን ለገበያ ያቀረበው ኦገስት 25 ቀን 1976 ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ። አልበሙ የያዘው ስምንት ዘፈኖች ብቻ ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲደመጥ አርባ ደቂቃ አይሞላም። እንዲህም ሆኖ በአሜሪካ ብቻ 17 ሚሊዮን ቅጂ መሰራጨቱን የአገሪቱ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር አረጋግጦለታል። ከሮክ ቡድኖች የመጀመሪያ አልበሞች መካከል በዚያ ገበያ የሚቀድመው ገንስ ኤንድ ሮዝስ በ1987 ያወጣው ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን በማኅበሩ ምስክር ወረቀት የሚበልጠው በአንድ ሚሊዮን ቅጂ ነው።

ይህን ቁጥር የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የዕድል ታሪክ አድርገው ይተርኩታል፤ ማንም የማያውቃቸው ልጆች ብቅ አሉ፣ ሬዲዮ አነሣቸው፣ በአንድ ጀምበር ባለጠጋ ሆኑ ይባላል። እኔ በዚያ መንገድ አላየውም። አልበሙ በገበያ ቋንቋ «የመጀመሪያ» ይባል እንጂ ለሠሪው የብዙ ዓመታት የሌሊት ሥራ ማሳረጊያ ነበር። ውሉን የፈረመው ኩባንያ አንድ ቡድን የገዛ መስሎት ነበር፤ በእጁ የገባው ግን በአንድ መሐንዲስ መኖሪያ ምድር ቤት ውስጥ የተቋቋመ ወርክሾፕ ነው። ለአልበሙ ስኬትም ሆነ ከስኬቱ በኋላ ለተከተለው ረጅም ክርክር መነሻው ይኸው አለመግባባት ነው ብዬ ስለማምን፣ ንግግሬን በዚሁ ዙሪያ አደርጋለሁ።

መሐንዲሱ ቶም ሾልዝ ይባላል። በ1947 በኦሃዮ ግዛት በቶሊዶ ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱ ክላሲካል ፒያኖ ተማረ፤ ከዚያም ኤም አይ ቲ እየተባለ በሚጠራው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በመካኒካል ምህንድስና የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪውን አገኘ። እንደተመረቀ የተቀጠረው ፎቶውን አንስቶ እዚያው በቆሙበት በሚያወጣው ካሜራ በሚታወቀው በፖላሮይድ ኩባንያ ሲሆን፣ ሥራውም የምርት ንድፍ ነበር። ጊታር የያዘው ዘግይቶ፣ የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ነው። ቀን ቀን ቢሮ ይውላል፣ ማታ ማታ ዘፈን ይሠራል። በአልበሙ ላይ «ፒስ ኦፍ ማይንድ» የሚለው ዘፈን፣ የሥራ እርከን ለመውጣት ሲጋፉ ኑሯቸውን ስለሚረሱ የቢሮ ሰዎች የሚናገር በመሆኑ፣ ደራሲው ርእሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም ማለት ይቻላል።

ሾልዝና ጓደኞቹ ዘፈኖቻቸውን ቀርጸው ለአሳታሚዎች ለመላክ መጀመሪያ የተጠቀሙት በኪራይ ስቱዲዮ ነው። ሂሳቡ በሰዓት የሚቆጠር ስቱዲዮ ግን አንዲትን የጊታር ሐረግ አንድ ሌሊት ሙሉ ሲያርምና ሲያቃና ለሚያድር ሰው አይሆንም። ስለዚህ ከደመወዙ ያጠራቀመውን አውጥቶ ስካሊ የተባለ አሥራ ሁለት ትራክ (የድምፅ መስመር) ያለው የቴፕ መቅረጫ ገዛ፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዎተርታውን በሚኖርበት ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ከማሞቂያው ምድጃ ጎን ባለች ጠባብ ቦታ ላይም ተከለው። ክፍሉ አልፎ አልፎ ውሃ ይገባበት እንደነበር ሾልዝ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

ሙዚቃን በኮምፒውተር ብቻ ለሚያውቁ ወጣቶች የመሣሪያውን አሠራር በጥቂቱ ላስረዳ። የቴፑ ክር በርዝመቱ አሥራ ሁለት ትይዩ መስመሮች አሉት፤ እያንዳንዱ መስመር የየራሱን ድምፅ ይይዛል። አንድ ሰው መጀመሪያ ድራሙን ያስቀርጻል፤ ቴፑን መልሶ ያንን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ በሁለተኛው መስመር ላይ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፤ ደግሞ ይመልሰውና በሦስተኛው ላይ ኦርጋን ይጨምራል። እንዲህ እያደረገ አንድ ሰው አንድ ሙሉ ቡድን ይሆናል። ዛሬ ባለሙያው ያልጣመውን በአንድ ቁልፍ ሰርዞ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ በዚያ ዘመን በመስመሩ ላይ አዲስ ከቀረጹ የድሮው ጠፍቷል። ያለውን ለማጥፋት የሚደፍረው የሚሻል እጫወታለሁ ብሎ የቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ሾልዝም በአብዛኞቹ ዘፈኖች ውስጥ ሊድ ጊታሩንም፣ አጃቢ ጊታሩንም፣ ቤዙንም፣ ኦርጋኑንም የተጫወተው ራሱ ነበር።

ሌላም ችግር ነበረበት። በሮክ ሙዚቃ የሚፈለገው ሻካራና ረጅም የጊታር ድምፅ የሚገኘው በመስታወት ቱቦ የሚሠራው አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻው ሲከፈት ነው፤ ያን ያህል ከተከፈተ ደግሞ ጎረቤት አያስተኛም፣ በጠባብ ክፍል ውስጥም ድምፁ ይበላሻል። መሐንዲሱ መፍትሔ ያደረገው በአምፕሊፋየሩና በድምፅ ማጉያው መካከል ኃይሉን ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስቀር መሣሪያ መሥራት ነበር። በዚህ ዘዴ አምፕሊፋየሩ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ሰው በሰላም የሚቀመጥበት መጠን ነው። የቦስተን ጊታር ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅበት የጠራና የተወጠረ ድምፅ የመጣው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው፤ ገንዘብ ያላቸው ስቱዲዮዎች አምፕሊፋየሩን ማስጮህ ስለሚችሉ ይህን ለማሰብ ምክንያት አልነበራቸውም።

ያም ሆኖ ሾልዝ ሊሠራው የማይችለው አንድ ነገር ነበር፤ እሱም መዝፈን ነው። ይህን የሞላለት ብራድ ዴልፕ ነው። ዴልፕ ለቡና ማፍያ ማሽን የሚሆን ማሞቂያ በሚያመርት ፋብሪካ ይሠራ የነበረ፣ የቢትልስ ፍቅር የያዘው፣ ድምፁ እስከ ላይ ሲወጣ የማይሰነጠቅ ወጣት ነበር። በአልበሙ ላይ እንደ መዘምራን ቡድን ተደራርቦ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ የዴልፕ ነው፤ እሱም በበኩሉ ራሱን በራሱ እያዳመጠ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ድምፅ ይደርብ ነበር። በእኔ አስተያየት ሾልዝ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በጥንቃቄ የተሠራ ግን ቀዝቃዛ ሥራ ያወጣ ነበር፤ አድማጭ ሸክላውን ደጋግሞ እንዲያስቀምጥ ያደረገው የዴልፕ ድምፅ ነው። ዴልፕ በ2007 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል።

የምድር ቤቱ ዴሞዎች፣ ማለትም የናሙና ቅጂዎች፣ ለበርካታ ኩባንያዎች ተልከው እምቢታ ገጠማቸው። ከእምቢ ባዮቹ አንዱ በኋላ ውሉን የፈረመው ራሱ ኤፒክ ነበር። ኤፒክ ያኔ የሲ ቢ ኤስ ሪከርድስ አንድ ክፍል ነበር፤ እግረ መንገዴን ለመጥቀስ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአስቴር አወቀን አልበሞች በአሜሪካ ያሰራጨው ኮሎምቢያም የዚያው ቤት ሌላ ክፍል ነው። ሁለት ማኔጀሮች ቴፑን ይዘው ከተሯሯጡ በኋላ የኤፒክ ሰዎች ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ነገር ግን በቴፕ ላይ የሰሙት ቡድን በእርግጥ መኖሩንና በመድረክ ላይ መጫወት መቻሉን በዓይናቸው ለማየት ፈለጉ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ምክንያቱም ቡድን የሚባል ነገር ገና አልነበረም። ባሪ ጉድሮ በጊታር፣ ፍራን ሺሃን በቤዝ፣ ሲብ ሃሺያን በድራም ከሾልዝና ከዴልፕ ጋር ሆነው ቀድሞ የተቀረጸውን በአምስት ሰው ለማቅረብ ተሰለፉ። ከመጀመሪያው ጀምሮ ከሾልዝ ጋር ሲሠራ የቆየው ድራመር ጂም ማስዲያ በዚሁ መካከል ቦታውን አጣ፤ የእሱ ምት በአልበሙ የቀረው «ሮክ ኤንድ ሮል ባንድ» በሚለው ዘፈን ላይ ብቻ ነው።

ኩባንያው ሁለት ነገሮችን ጠየቀ። አንደኛው በስድስት ዓመት ውስጥ አሥር አልበም የሚል ግዴታ ነው፤ አንዲትን ሐረግ ለማቃናት ሌሊቱን የሚያነጋ ሰው ይህን ውል እንዴት እንደፈረመ ሳስበው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሁለተኛው ደግሞ ዴሞዎቹ ለሽያጭ ብቁ ስላልሆኑ ዘፈኖቹ ደንበኛ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በባለሙያ ፕሮዲውሰር መሪነት፣ እንደገና ይቀረጹ የሚል ነበር። ሾልዝ ግን ያ ድምፅ ከዚያች ምድር ቤትና ከእነዚያ መሣሪያዎች ውጭ እንደማይወጣ ያውቃል። በዚህ ላይ ተአምሩን የሠራው ዘፋኟን ሊንዳ ሮንስታድን ካሠሩት መካከል የሆነው ፕሮዲውሰሩ ጆን ቦይላን ነው። ቦይላን ዴሞዎቹን ሰምቶ ሾልዝ ትክክል መሆኑን ስለተረዳ፣ ኩባንያውን ለማሳመን ከመከራከር ይልቅ ማዘናጋትን መረጠ።

የተደረገው እንዲህ ነው። ቦይላን የቀሩትን የቡድኑን አባላት ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ፤ ኩባንያው አልበሙ እዚያ በባለሙያ ስቱዲዮ እየተቀረጸ እንደሆነ ያምን ነበር። ሾልዝ ግን ከዎተርታውን ንቅንቅ አላለም። ፖላሮይድ ውሎ ማታ ማታ ወደ ምድር ቤቱ እየወረደ የራሱን ዴሞ መልሶ ይሠራ ጀመር። ሥራው አዲስ ነገር መፍጠር ሳይሆን ከዚህ በፊት በስሜት የተጫወተውን ነቁጥ በነቁጥ መድገም ስለነበረ፣ ከመጀመሪያው የከበደው ይህኛው እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሲጨርስ ከሮድ አይላንድ ግዛት፣ ከፕሮቪደንስ ከተማ፣ የቀረጻ መሣሪያ የጫነ መኪና መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ፤ ገመዱ በምድር ቤቱ መስኮት አልፎ ገባና አሥራ ሁለቱ መስመሮች በመኪናው ውስጥ ወዳለው ሃያ አራት ትራክ ቴፕ ተገለበጡ። ሾልዝ ይህን ቴፕ ይዞ ወደ ሎስ አንጀለስ በረረ፤ የዴልፕ ድምፅ እዚያ ተጨመረበት፣ ሚክሲንጉም (ድምፆቹን አመጣጥኖ ማቀላቀሉ) እዚያው ተጠናቀቀ።

በሎስ አንጀለስ ከሾልዝ ውጭ የተቀረጸው «ሌት ሚ ቴክ ዩ ሆም ቱናይት» የሚለው የዴልፕ ድርሰት የአልበሙ መዝጊያ ሆኖ ገብቷል። ጥሩ ዘፈን ነው፣ አልጠላውም። ነገር ግን ሰባቱን ሰምቶ ወደ ስምንተኛው የሚደርስ ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ክፍሉ እንደተለወጠ ይሰማዋል፤ ጊታሩ ከሌሎች የዘመኑ ጊታሮች ጋር ተመሳስሎበታል። ኩባንያው የፈለገው ሁሉ ቢሆን ኖሮ አልበሙ ሙሉ በሙሉ ይህን ይመስል ነበር።

አሁን ከስምንቱ ውስጥ አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፤ «ሞር ዛን ኤ ፊሊንግ» የተባለውን ማለቴ ነው። ዘፈኑ ከዝምታ ቀስ ብሎ የሚጎላ ነው፤ ባለ አሥራ ሁለት ክር አኩስቲክ ጊታር አንድን የኮርድ ዑደት ነጠላ በነጠላ እየለቀመ ከሩቅ ይመጣል። ሬዲዮ ለሚሰማ ሰው ይህ አጀማመር የሚያስደነግጥ ሳይሆን ጆሮ የሚያስጥል ነው። ከዚያ ቤዙና ኤሌክትሪክ ጊታሩ ይገባሉ፣ ቀጥሎ የዴልፕ ድምፅ በዝግታ ይጀምራል። የጥበቡ ዋና ቦታ የሚገኘው ግን ግጥሙ ርቃ ስለሄደች ልጅ በሚያነሣበት ጊዜ ነው። ዴልፕ በዚያ ስንኝ መጨረሻ ላይ ድምፁን ሽቅብ እየሳበ ይወጣል፣ ይወጣል፤ ሊበጠስ ነው ብላችሁ ስትጠብቁ ያንኑ ከፍታ ጊታር ይቀበለዋል። ሰው የት ላይ አበቃ፣ ክር የት ላይ ጀመረ የሚለውን ለመለየት በጥንቃቄ መስማት ያስፈልጋል። ጊታሩ ደግሞ አንድ አይደለም፤ ሾልዝ ያንኑ ዜማ ደጋግሞ ተጫውቶ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ድምፅ ማጉያ አስቀምጦታል፣ አንዳንድ ቦታም እርስ በርስ እየተቀባበሉ በሁለት ድምፅ ይሄዳሉ። ለዚህ መግጠም አንድ እጅ፣ አንድ ጊታርና ብዙ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ሁለት ጊታሪስቶች ጎን ለጎን ቢቆሙ ያንን ያህል አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ገበያው ሥራውን የተቀበለው በፍጥነት ነው። «ሞር ዛን ኤ ፊሊንግ» በቢልቦርድ መጽሔት የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አምስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ አልበሙ በአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ እስከ ሦስተኛ ወጥቶ ከሁለት ዓመት በላይ ከዝርዝሩ ሳይጠፋ ቆየ። ያኔ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከአንድ አልበም አንድ ዘፈን መርጠው ከማጫወት ይልቅ በርካታ ዘፈኖችን ያፈራርቁ ስለነበር፣ ደካማ ዘፈን የሌለበት አልበም ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ሾልዝ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስላወጣ ለጣቢያዎቹ የሚመረጥ ብቻ ሳይሆን የሚተርፍም ነበር። ሽፋኑም ረድቷል። የተገለበጡ ጊታሮች የጠፈር መርከብ ሆነው ከምትፈነዳው ምድር ሲያመልጡ የሚያሳየው ሥዕል በሮጀር ሃይሰን ተሥሎ፣ በፓውላ ሼር የተነደፈ ነው፤ ሼር በኋላ የሲቲ ባንክን አርማ የሠራች ታዋቂ ባለሙያ ብትሆንም ይህ ሽፋን ያን ያህል መወደዱ ይገርማት እንደነበር ተናግራለች። በሌላ በኩል መሐንዲሳችን አልበሙ መሸጥ ከጀመረ በኋላ እንኳ ከፖላሮይድ ወዲያው አልለቀቀም፤ የጠነከረ ደመወዝ ለመተው መቸኮል ያላስፈለገው ሰው ነው። ቡድኑ በኒውዮርክ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው ደግሞ፣ በትናንሽ ክለቦች ሳይንከራተት፣ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነበር።

ሃያስያን ግን ብዙም አልተደሰቱም። ድምፁ ከመጠን በላይ የተወለወለ ሆኖ ስላገኙት ቦስተንን ኩባንያ ለገበያ ካመረታቸው ቡድኖች ጋር መድበው «ኮርፖሬት ሮክ» አሉት። ይህ ፍርድ ድምፁን በተመለከተ የጣዕም ጉዳይ ነውና አልከራከርም። የአሠራሩን ታሪክ በተመለከተ ግን ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው፤ ኩባንያው እጁን ያላስገባበት፣ እንዲያውም እንዳያስገባ ሆን ተብሎ የተታለለበት የዚያ ዘመን ትልቅ አልበም ፈልጉ ብባል መጀመሪያ የምጠቅሰው ይህን ነው። ከዓመታት በኋላም፣ የተወለወለ ሮክን ጠልቶ የተነሣው ኒርቫና የተባለው የሮክ ቡድን በታዋቂው ዘፈኑ መክፈቻ ጊታር ከ«ሞር ዛን ኤ ፊሊንግ» ጋር መመሳሰሉ ስለተወራበት፣ በ1992 በእንግሊዝ የሬዲንግ ፌስቲቫል ላይ የቦስተንን ዘፈን በቀልድ ጀምሮ ነበር።

ሁለተኛው አልበም «ዶንት ሉክ ባክ» በ1978 ወጣ፤ በሰንጠረዡ አንደኛ ሆነ፣ በሚሊዮን የሚቆጠርም ተሸጠ፤ ሾልዝ ግን ኩባንያው አጣድፎት ሳይጨርሰው እንደወጣ ቆጥሮ አዝኖበታል። ለሦስተኛው እንደማይጣደፍ ወሰነ። ዓመታት አለፉ፤ የውሉ አሥር አልበሞች ይቅርና ሦስተኛው አልመጣም። በ1983 ሲ ቢ ኤስ ውል አፍርሷል ብሎ ከሰሰው። እዚህ ላይ ወርክሾፑ ዳግመኛ ይመጣል። ሾልዝ በ1980 ገደማ የራሱን ድርጅት አቋቁሞ በምድር ቤቱ የተጀመረውን ሐሳብ ወደ ምርት ቀይሮት ነበር፤ በመጀመሪያ ያንን ኃይል አስቀሪ መሣሪያ ፓወር ሶክ በሚል ስም ሸጠ፣ ቀጥሎም ጊታሪስት ቀበቶው ላይ ሰክቶ በጆሮ ማዳመጫ የሚለማመድበትን ሮክማን የተባለ ትንሽ አምፕሊፋየር አወጣ። ሮክማን በመላው ዓለም ጊታሪስቶች እጅ ገባ፤ ገቢውም ባለቤቱን ከአንድ ግዙፍ ኩባንያ ጋር ለዓመታት እንዲሟገት አስችሎታል። ከሸክላ ሽያጭ የሚደርሰውን የሮያሊቲ ገንዘብ ብቻ ጠብቆ የሚኖር ሙዚቀኛ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ ይንበረከክ ነበር።

ሦስተኛው አልበም «ሰርድ ስቴጅ» በ1986 በኤም ሲ ኤ ኩባንያ በኩል ወጥቶ አንደኛ ደረጃ ያዘ፤ ከእሱ የተወሰደው «አማንዳ»ም በነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ክርክሩ በ1990 ለሾልዝ ተፈረደ፤ በዚያን ጊዜ ሲ ቢ ኤስ ሪከርድስ በጃፓኑ ሶኒ ተገዝቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ባለቤትነት ግን እዚያው ቀርቷል፤ በ2006 ኩባንያው ለዲጂታል ዘመን በሚስማማ መንገድ አድሶ ሊያወጣቸው ሲነሣ ሾልዝ ወሬውን ሰማ፤ ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈቀደምና የማደሱን ሥራ ራሱ ሠራው።